መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ዛሬ እማዬ መድረክ ላይ ወጣች። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ከአጠገቤ ብድግ ስትል ስለ ወገቧ ሕመም የምትናገር መስሎኝ ነበር። ማይኩን ይዛ፣ "ልጄ ርሆቦት የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን አምና እንደወደቀች ታውቃላችሁ። እንደገና ተፈትናለች። ውጤቱ ገና አልወጣም። እኔ ግን በእምነት አልፋለች ብዬ ምስጋናዬን አስቀድሜ ላቀርብ ነው የመጣሁት" አለች። ሕዝቡ አሜን አለ፣ ኪቦርዱ ተነሣ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፈገግ አልኩ። ምን ላድርግ?

ስንወጣ አቅፎ ያልሳመኝ የለም። "እንኳን ደስ ያለሽ ሲስተር!" ይሉኛል። "በእምነት" የሚለውን ቃል አዳራሹ ውስጥ ጥለውት ነው የወጡት።

መንገድ ላይ፣ "እማዬ፣ ባላልፍስ?" አልኳት።

"አፍሽን ያዢ" አለችኝ።

ሐምሌ 9

ወጣ። ወደቅኩ። ለጥቂት።

ለጥቂት መውደቅ የባሰ ነው። ሰው "አይ፣ ፈተናው ከብዶ ነው" እንኳ ሊልልሽ አይችልም።

ሐምሌ 9፣ ማታ

ቀን ላይ መጻፍ አልቻልኩም። አሁን ልሞክር።

ቁጥሬን ስልኬ ላይ አስገብቼ ውጤቱን ሳይ ጓዳ ነበርኩ። ስወጣ እማዬ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት፤ እትዬ አልማዜ ደግሞ የሄቨንን ቀሚስ ሊያሳጥሩ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። እትዬ አልማዜ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ ኮልፌ ገበያ ቅቤና ቆጮ ይሸጣሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እኔንና ልጃቸውን ሄቨንን ለይተው አያውቁም።

"ምነው ፊትሽ? ወጣ እንዴ ውጤቱ?" አሉኝ።

እማዬ መርገጫውን አቆመች። አየችኝ። ያን ፊት እንዴት አድርጌ ልጻፈው? መድረኩ ላይ የነበረው ፊት ነው። ሕዝቡ ሁሉ ከኋላዋ የቆመ መሰለኝ።

"አለፍኩ" አልኩ።

እትዬ አልማዜ እልልታቸውን ለቀቁት። እማዬ እዚያው የጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል ተንበረከከች። ጎረቤት መጣ። ለስላሳ ተገዛ። እኔም ጠጣሁ!

ለማሰብ ጊዜ ቢኖረኝ አልዋሽም ነበር። ይህን ስጽፈው ራሴም አላመንኩትም።

ሐምሌ 10

ቀጣዩ ፈተና መስከረም ላይ ነው። እስከዚያ ማንም ሳያውቅ አጥንቼ ማለፍ አለብኝ። ካለፍኩ ውሸቱ ውሸት መሆኑ ይቀራል። ሌላ መንገድ አይታየኝም።

እማዬ ነጭ ጨርቅ ገዝታ መጣች። ጋውን ልትሰፋልኝ ነው። ለካችኝ። ትከሻዬን ስትለካ እየዘመረች ነበር።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። ወንጌላዊ ገመቹ ከስብከቱ በኋላ ስሜን ጠርቶ አስነሣኝ። ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ወጥቶ የምእመናን የደም ግፊት በነጻ ይለካል። "የራሳችን ሲስተር አለችን፤ ለምን ሌላ ቦታ እንሰለፋለን?" አለ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ።

ቢሮው ሄጄ ልነግረው ወስኜ ነበር። በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ አገኘሁ። ተመለስኩ። ሰልፉ ያን ያህል ረጅም አልነበረም።

ሐምሌ 18

ከዮኤል ጋር ጥናት ጀመርን። ኮሌጅ አብረን ነው የተማርነው፤ አብረን ነው የወደቅነው። ልዩነታችን እሱ መውደቁን ለሰፈሩ ሁሉ ማውራቱ ነው። አየር ጤና ታክሲ መያዣው አጠገብ የስልክ ከቨር ይሸጣል። ደንበኛው "ዶክተር" እያለ ሲቀልድበት "ዶክተሩ ወድቋል ወንድሜ፣ ከቨር ግዛና አጽናናው" ይላል። እንዴት አያፍርም?

ለእማዬ አለፍኩ ማለቴን ነገርኩትና ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለን ሠራን። ቃል በቃል የሚሸመደደውን አልፈራም። የሚጥለኝ "መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?" የሚለው ነው። አራቱም ምርጫ ትክክል ይመስላል፤ የሚጠየቀው የቱ ይቀድማል ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ የምፈራው በአማርኛ ነው።

ዮኤል አነበበ፦ ነገ ቀዶ ጥገና ያላት ሴት "እሞታለሁ ብዬ ፈርቻለሁ" አለችሽ። ምን ትያታለሽ? እኔ "አይዞሽ፣ ሐኪምሽ ጎበዝ ነው" የሚለውን መረጥኩ። መልሱ "የሚያስፈራሽን ንገሪኝ" ነው።

"አንቺ ሁልጊዜ አይዞሽ የሚለውን ነው የምትመርጪው" አለኝ።

"ነርስ አታጽናናም?"

"ታጽናናለች። ግን የማታውቂውን ቃል እየገባሽላት እኮ ነው። ሴትዮዋ ዝም እንድትል ነው የፈለግሽው።"

ተናደድኩ። ምን ቤት ነው እሱ? ቀጥሎ እማዬ ሰሞኑን ሱቁ ዳቦ ይዛለት እንደመጣች ነገረኝ፤ ለባለፈው ፈተና አብሮኝ ስላጠና ልታመሰግነው። "ምን አለች?" ስለው "ምንም" አለና ከቨሮቹን እንደገና መደርደር ጀመረ። ተደርድረው ነበር እኮ።

"ለእናትሽ ንገሪያቸው ርሆቦት። የምታስቢውን ያህል አታውቂያቸውም።"

እሱ ነው እንግዲህ ስለ እናቴ የሚያስተምረኝ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ጠረጴዛው ወጣ። ጋውኑ አልደረሰም፤ እማዬ አንድ እጅጌ ሳትገጥም ትታዋለች። የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት ስለበዛባት ነው። በሹራብ ሆኜ ለካሁ።

መለካቱን እችላለሁ። ይህን ማንም አይወስድብኝም። ለክቼ ቁጥሩን መንገር ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? ግን ሰው ቁጥር አይፈልግም። ዓይን ዓይንሽን እያየ "ታዲያ ምን ላድርግ?" ይላል።

እትዬ አልማዜ መጨረሻ ላይ መጡ። ከፍ ያለ ነው። ጤና ጣቢያ በየቀኑ የሚወጥ ክኒን ሰጥተዋቸዋል። "ከእንግዲህ አንቺ ነሽ የምትከታተይኝ፤ እዚያ የምውልበት ቀን የለኝም" አሉ። እማዬ ከኋላ ቆማ ነበር። "አልማዜ፣ ጤና ጣቢያውን እንዳትተዪ" አለቻቸው።

"ምነው፣ በልጅሽ አትተማመኚም?" ብለው ሳቁ። እማዬ አልሳቀችም።

ሐምሌ 26

ያለፈ ሰው ለምን እንዲህ ያጠናል ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ለሥራ ቅጥር ቃለ መጠይቅ ነው ልላት። አልጠየቀችም። አምፖሉን በደማቅ ቀየረችልኝ፤ ሾርባ ሠርታ አጠገቤ አስቀምጣ ወጣች። ተመስገን፣ ምንም አልጠረጠረችም።

ሰው "የፈቃድ ወረቀቷ ደረሰላት?" ሲላት ስለ ጨርቅ ዋጋ መወደድ ታወራለች። እርጅና ይሆን?

ነሐሴ 3

ዛሬ ጥሩ ሠራሁ። አራት ሕመምተኞች አሉ፤ ማን ጋ ትቀድሚያለሽ? ድሮ የሚጮኸው ጋ ነበር የምሮጠው። ዮኤል "የሚጮኸው እየተነፈሰ ነው። ዝም ያለውን እዪ" ብሎ ጭንቅላቴ ውስጥ አስገባልኝ። ከዚያ በኋላ አልሳትኩም።

ደስ ብሎኝ በእግሬ ወጣሁ። አንዲት የቸርች ልጅ ከታክሲ መስኮት "ሲስተር ርሆቦት!" ብላ ጮኸች። ደስታዬ እዚያው አለቀ።

ነሐሴ 12

ምን እንዳደረግኩ ልጻፍ።

እትዬ አልማዜ ከገበያ ሲመለሱ ገቡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ካልሲያቸውን አወለቁ። ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል፤ የካልሲው ምልክት ሰርጎ ቀርቷል።

"እዪልኝ እስቲ። ያ ክኒን ነው እንዲህ ያደረገኝ። ቀኑን ሙሉ በዚህ እግር ቆሜ እንዴት ልሽጥ?"

እማዬ ከመኪናዋ ሳትነሣ፣ "ጤና ጣቢያ ሂጂና አሳዪ። ርሆቦት ገና ናት" አለች።

ገና ናት! ያቺ ቃል አንጀቴን አቃጠለችኝ። በሰው ፊት፣ መድረክ ላይ ያወጣችኝ እሷው፣ ገና ናት።

"ለጊዜው ያቁሙት። እብጠቱ ሲጎድል እናየዋለን" አልኩ።

እናየዋለን! እንደ ሐኪም። እትዬ አልማዜ "ይኸው፣ አበቃ" ብለው ካልሲያቸውን መለሱ። የእማዬ መኪና ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፣ አንድ ነገር ልትናገር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እንደገና መርገጥ ጀመረች።

ክኒኑ እግር እንደሚያሳብጥ አውቃለሁ። ቆሞ የሚውል ሰው ላይ እንደሚብስ አውቃለሁ። ያለ ሐኪም በድንገት እንደማይቆም፣ ቢቆምም ሌላ መተካት እንዳለበት አውቃለሁ። ፈተና ላይ ቢመጣ አልሳሳትም ነበር። ፈተና ላይ ግን እማዬ "ገና ናት" አትለኝም።

ነሐሴ 13

ጠዋት ልነግራቸው ሄድኩ። ገበያ ወጥተዋል። ማታ እንግዳ አለባቸው። ዝናብ።

ነገ።

ነሐሴ 19

አጠና ተራ ታክሲ ስጠብቅ አገኙኝ። ሰው መሀል ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው "ተመልከች፣ እግሬ የኔ እግር ሆነ! ጌታ ይባርክሽ" አሉኝ።

"እትዬ፣ አሁን ግን ጤና ጣቢያ ሄደው ሌላ መድኃኒት..."

"ለምን ብዬ? አንቺ እያለሽ?"

ረዳቱ "ግቡ ግቡ!" አለ። ገባሁ። ወንበር ስለነበረ ነው። ብቆይ ሌላ ታክሲ ይመጣ ነበር፣ አውቃለሁ።

ነሐሴ 26

እትዬ አልማዜ ሆስፒታል ናቸው። በኋላ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 26፣ ማታ

ጎህ ሲቀድ ሄቨን በራችንን ደበደበችው። "እማዬን! እማዬን!" ትላለች። ደርሼ ሳይ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፣ ቀኝ እጃቸው ከአልጋው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሊናገሩ ይሞክራሉ፣ ቃሉ ይንደባለላል። ጎረቤት ቤቱን ሞልቶታል። አንዷ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወጥታለች። አንዷ ውኃ በብርጭቆ ወደ አፋቸው እያስጠጋች ነው። ሌሎቹ እጅ ጭነው ይጸልያሉ።

ያኔ አልፈራሁም። ብርጭቆውን ነጠቅኩ። "ምች አይደለም፣ ስትሮክ ነው። ምንም እንዳታጠጧቸው። በጎን አስተኟቸው። ሄቨን፣ መቼ ነው ደህና ሆነው ያየሻቸው? መኪና ጥሩ፣ አሁኑኑ!" ስል ሁሉም እሺ አለ። ወንዶቹ አንሥተው አወጧቸው። አንድም ሰው አልተከራከረኝም። ሲስተር ነኛ።

ድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ ሄቨንን "የግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር?" ብሎ ጠየቃት።

"አዎ። አንድ ቀን አቋርጣ አታውቅም" አለች። ማቆማቸውን ሄቨን አታውቅም ነበር። እናቷ ለኔ እንጂ ለሷ አልነገሯትም።

እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። እማዬም ቆማለች። ሐኪሙ ጻፈና ሄደ።

ነሐሴ 27

አላስቻለኝም። ተመልሼ ሄጄ ተረኛዋን ነርስ አገኘኋት። በኔ ዕድሜ ያለች ናት፤ ባጇ ደረቷ ላይ አለ። "እትዬ አልማዜ መድኃኒቱን ካቆሙ ሰንብተዋል። ለሐኪሙ ንገሪልኝ" አልኳት።

"ማን አቁሙ አላቸው?"

"ጎረቤት መሰለኝ።"

ጻፈችው። "እነዚህ ጎረቤቶች! ሰው ይገድላሉ እኮ" አለች።

"አዎ" አልኩ።

አዎ አልኩ። የአብዬን ወደ እምዬ እንኳ አይደለም፤ የራሴን ጥፋት ለሌለች ሴት ሰጥቼ፣ አብሬ ወቀስኳት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልተከፈተችም፣ ታክሲ ይዤ መጣሁ።

መስከረም 4፣ እሑድ

በዓሉ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። የእትዬ አልማዜ ነፍስ ተርፋለች፤ ቀኝ እጃቸው ግን አይታዘዝም። ቅቤ የሚመዝኑበት እጅ ነው።

ጠረጴዛው ዛሬም ወጣ። አመመኝ ብዬ ቀረሁ። እማዬ ቀድማ ለወንጌላዊ ገመቹ "ልጄ ከእንግዲህ እሑድ እሑድ አይመቻትም" ብላዋለች አሉ። ማን ንገሪልኝ አላት? ግን ቀለለኝ።

ለዮኤል ሁሉንም ነገርኩት። አንድ ቀልድ እንኳ አልወጣውም።

"እትዬ አልማዜ ያውቃሉ?" አለኝ በመጨረሻ።

"ከፈተናው በኋላ እነግራቸዋለሁ።"

"እሺ" አለ። እሺ ሲል ፊቱን አላየሁትም፣ ማየት አልፈለግኩም።

መስከረም 13

ተፈተንኩ።

አንዱ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ነርሷ ለታካሚዋ የተሳሳተ መመሪያ ሰጥታ ወደ ቤት ልካታለች። በኋላ ስህተቷ ገባት። መጀመሪያ ምን ታድርግ? ምርጫዎቹን ሳላነብ መልሱን አውቀዋለሁ። ታካሚዋን አግኝታ ያለችበትን ሁኔታ ታያለች፣ ስህተቱን ትናገራለች። ጠቅ አድርጌ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ከጎኔ ያለው ልጅ ፀጉሩን እየያዘ ሲጨነቅ እኔ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም።

ነጥቡን ያገኘሁበት ይመስለኛል። እንዲህ ያፈርኩበት መልስ የለም። ኮምፒውተሩ ቢጠይቀኝ እመልሳለሁ፤ እትዬ አልማዜ ግን አልጠየቁኝም፣ ስለዚህ አልመለስኩም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ትላለች እማዬ፣ ቶሎ ስፊልኝ እያለች ለምታጣድፋት ደንበኛ። ብወድቅም ባልፍም እነግራቸዋለሁ። ቀን ግን አልቆረጥኩም።

መስከረም 18፣ እሑድ

ቁጭ ብዬ በሥርዓት ልጽፈው እፈልጋለሁ።

እትዬ አልማዜ ትናንት ቤታቸው ገቡ። ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ሰው ሁሉ ሊጠይቃቸው መጣ። እኔና እማዬም ሄድን። አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈዋል። ንግግራቸው ይጎተታል፣ ግን ይሰማል። ሲያዩኝ በደህናው እጃቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ይቺ ናት ያተረፈችኝ" አሉ ለወንጌላዊ ገመቹ። "ዳማከሴ ሲያሹኝ ልሞት ነበር። ጌታ ግድግዳዬ ሥር ነርስ አስቀምጦልኛል። የሚመጣው እሑድ ደግፋችሁ ውሰዱኝ፤ መድረክ ላይ ቆሜ እመሰክራለሁ።"

"አሜን!" አለ ገመቹ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ጸልዮ፣ ራሴን ዳብሶ ባርኮኝ ወጣ። ሌሎቹም ተከትለው ወጡ። ሄቨን ጠረጴዛ ታነሣለች። እማዬ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ናት፣ ነጠላዋን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች።

እጃቸው እጄ ላይ ነው። ሌላ መድረክ፣ ሌላ ምስክርነት። ይሄኛውንም ልውጠው?

"እትዬ አልማዜ፣ መድኃኒቱን ያስቆምኩዎት እኔ ነኝ" አልኩ። "መቆም አልነበረበትም። ለዚህ ያበቃዎት እሱ ይሆናል። ሐኪሙም ሲጠይቅ ቆሜ ዝም አልኩ።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ የጌታ ፈቃድ..."

"ነርስ አይደለሁም። ፈተናውን ወድቄያለሁ። ሐምሌ ላይ አለፍኩ ያልኩዎት ውሸት ነው።"

ሄቨን ብርጭቆ እንደያዘች ቆመች። እትዬ አልማዜ ትክ ብለው አዩኝ። የተጣመመው የፊታቸው ወገን ምንም አይናገርም፤ ደህናው ወገን ግን ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት። እጃቸውን ከእጄ ላይ አነሡ። የሚነሣው አንድ እጅ እሱ ብቻ ነው።

"እናትሽ... ታውቃለች?" አሉ።

"አታውቅም" ልል አፌን ስከፍት፣

"አውቃለሁ" አለች እማዬ ከበሩ አጠገብ።

ዞርኩ። ቀና አላለችም። "ዮኤልን ላመሰግን ዳቦ ይዤ በሄድኩ ቀን፣ መስከረም ላይ ሁለታችንም እናልፋለን አይዞዎት አለኝ። ያኔ ነው ያወቅኩት። ማወቄን እንዳይነግራት ለመንኩት። ራሷ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። መድረክ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት ብዬ ልውረድ? ክኒኑን አቁሚ ስትልሽ አልማዜ፣ አጠገብሽ ነበርኩ። ልጄ ናት አታዋርጂያት አለኝ ልቤ። ሆስፒታልም ቆሜ ነበር።"

እትዬ አልማዜ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ሁለታችሁም?" አሉ።

እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እንድትነሣ፣ እንድትጮኽ፣ እንድትቆጣኝ ፈለግኩ። እኔም ልቆጣት ፈለግኩ። እዚያ ቤት ውስጥ ለመቆጣት መብት ያላት አንዲት ሴት ነበረች፣ እሷም ቃል እየተጎተተባት ነው።

"ሄቨን፣ ወደ ግድግዳው አዙሪኝ" አሉ።

ሄቨን ብርጭቆውን አስቀምጣ መጣች። በኔና በአልጋው መሀል ገብታ በዚያ በደከመው ክንዳቸው ያዘቻቸውና መጎተት ጀመረች። እንደዚያ አይደረግም። የደከመ ክንድ ከተጎተተ ትከሻው ይወልቃል።

"ሄቨን፣ በክንዳቸው አትጎትቻቸው። ከትከሻቸው በታች እጅሽን አስገቢ" አልኩ።

ሰምታኛለች። መጎተቷን ቀጠለች።